ሦስተኛው ባትሪ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የሴቡ ከተማ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? እኔ አለሁ፤ ጽሑፌ ቢጣመም ይቅር በይኝ። ከአውሎ ነፋሱ ወዲህ ስልክ የሚባል ስለሌለ ይህን ወረቀት ነገ ጠዋት ወደዚያ ለሚሻገር ጀልባ እሰጣለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባልሽ ደህና ነው። ልብሽ እንዳይንጠለጠል ብዬ ነው ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ። ኔስቶር ከነጀልባው ገብቷል። ዘጠኙም ጀልባዎች ገብተዋል።

ማክሰኞ ጠዋት ከአባባ መልእክት መጣልኝ። «ሎባት። ነይ።» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። እኛ ዘንድ ሎባት የማይባል ነገር እንደሌለ ታውቂያለሽ፤ ባትሪው ያለቀበት ስልክም ሎባት፣ የጀልባው መብራትም ሎባት፣ ከገበያ ደክሞ የገባ ሰውም ሎባት ነው። እኔ ግን ሥራዬ የስልክ ማማዎችን ኤሌክትሪክ መጠገን ነውና ባትሪ ብቻ ታየኝ። የሚሠሩበት የኮረብታው ሬዲዮ ጣቢያ ባትሪ ደከመባቸው ብዬ መለኪያዬንና መፍቻዬን ይዤ የመጨረሻውን ጀልባ ተሳፈርኩ። መድኃኒት ቤቱ ከወደቡ ፊት ለፊት ነበር፤ ዞር ብዬም አላየሁት።

ስደርስ እንደ ደንባችን ለሰላምታ እጃቸውን ይዤ ግንባሬ ላይ አደረግሁ። ይቀዘቅዛል። ዝናቡ ነው አልኩ። ሎባቱ የታለ ብላቸው ሳቁና ሳቁ ሳል ሆነባቸው። «መጀመሪያ እሱን ሳጥን እዪልኝ፤ ልጆቹ ዓሣ ሊያጠምዱ ባሕር ላይ ናቸው፣ ሰማዩም አላማረኝም» አሉኝ።

አባባ የሚጠብቁትን ዕቃ አንቺ ስትሸሺው ነው የኖርሽው፤ ስለዚህ ልንገርሽ። ከመንደሩ ጄኔሬተር የሚመጣው ኤሌክትሪክ ሬክቲፋየር በምንለው ሳጥን ያልፋል። ሳጥኑ ተለዋዋጩን ቀጥተኛ አድርጎ ሬዲዮውን ያሠራል፣ እግረ መንገዱንም ተከታትለው የታሰሩትን አራት ባትሪዎች ይሞላል። መብራት ሲጠፋ ባትሪዎቹ ሬዲዮውን ስምንት ሰዓት መሸከም አለባቸው። የአራቱ ድምር ከአርባ ሦስት ቮልት ከወረደ ግን ሳጥኑ ራሱ ይቆርጠዋል፤ ሬዲዮው ዝም ይላል። በማዕበል ቀን ዝም ካለ ደግሞ በዓለቶቹ መካከል ያለውን መግቢያ ለጀልባዎቹ የሚነግራቸው የለም።

ገቢውን ለካሁ፤ ደህና ነው። ፊውዙም ደህና። የሳጥኑ ውጪ ሃምሳ አራት ቮልት፣ ልክ እንደሚገባው። በከንቱ አስሮጡኝ እኮ አልኳቸው። «አዋቂዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ሰባት ሰዓት ላይ ነፋሱ የኤሌክትሪክ መስመሩን ምሰሶ ጣለውና መብራት ጠፋ። አባባ ለጥቂት ጊዜ ጎኔን ላሳርፍ ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። መለኪያውን ባየው አርባ ሰባት ተኩል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አርባ ስድስት። ከዚያ አርባ አምስት ተኩል። እትዬ፣ የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? ስምንት ሰዓት ያልኩት ነገር ሁለት ሰዓት እንኳ ሊደርስ አይደለም፤ ባልሽም እዚያ ጥቁር ውሃ ላይ ነው።

ያኔ ነው አንድ በአንድ መለካት ትዝ ያለኝ። ጠዋት የለካሁት ድምሩን ነበር። ሦስቱ አሥራ ሁለት ከምናምን አሉ፤ ሦስተኛው ላይ የተቀመጠው ዘጠኝ እንኳ አይሞላም። ጎንበስ ብል ሁለት ሽቦዎች በመቆንጠጫ ተይዘውበታል፤ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ጓዳ ይገባሉ። ደሜ ፈላ። ከአራቱ አንዱን ባትሪ ማለብ የደሴቱ ሰው አመል ነው፤ አንዱ ለማራገቢያ፣ ሌላው ለዘፈን ማጫወቻ። «አባባ! ይህ ሁሉ ነፍስ ባሕር ላይ እያለ ማራገቢያ ያዞራሉ?» ብዬ ጮኽኩና መቆንጠጫውን ነቀልኩት።

ከግድግዳው ጀርባ አንድ ነገር ይጮህ ጀመር። ጲ፣ ጲ፣ ጲ። ሮጬ ገባሁ። አልጋው ሥር ኦክስጅን የሚሰጥ ማሽን አለ፤ ቀጭን ቱቦው አባባ አፍንጫ ላይ ነው። ማሽኑ ላይ በተለጠፈው ወረቀት «በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት፣ እንዳይረሱ» ይላል። የእጅ ጽሕፈትሽን አወቅሁት።

መልሼ ልሰካው ስሮጥ ግድግዳውን እየተደገፉ ተከተሉኝና እጄን ያዙት። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ቮልቱ ስንት ነው አሉኝ። አርባ አምስት አልኩ። «የኔው ማሽን ከሬዲዮው ይበልጥ ይበላል። ልጆቹ ይግቡና ትሰኪዋለሽ።» እርስዎስ ብላቸው፣ «እኔማ ጽፌልሽ የለ? ሎባት ነኝ» አሉ።

መግቢያውን በቃላቸው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ማይክሮፎኑን ይዘው ተቀመጡ። ድምሩ ወደ አርባ ሰባት ተመለሰ። ጀልባዎቹን በየስማቸው ይጠራሉ፤ ግራ ያዝ፣ አሁን ቀኝ፣ አንተ ደንቆሮ ቀኝ አልኩህ እኮ ይላሉ፤ በአንዱና በሌላው ስም መካከል ያለው ዝምታ ግን እየረዘመ ሄደ። እኔ መቆንጠጫውን እንደጨበጥኩ ቆሜያለሁ። ብመልሰው ባልሽ፣ ብተወው አባባ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ዞር ብለው «እናታችሁን ባዶ እግሯን ስለቀበርናት ኮቴዋ አይሰማም እንጂ፣ ዛሬ እዚህ ሳትቆም አትቀርም» አሉኝ። ሊያስቁኝ ብለው ነበር። እኔ ግን ወደ በሩ ማየት አቃተኝ።

ኔስቶር የመጨረሻው ነበር። አሥራ አንድ ተኩል ላይ «መልሕቅ ጣልኩ፣ የዘንባባ ጠጅ ያስቀምጡልኝ» ሲል ተሰማ። አባባ ፈገግ ብለው ማይክሮፎኑን ቦታው ላይ ሰቀሉት። በዚያች ቅጽበት መቆንጠጫውን መለስኩ፤ ቱቦውንም አደረግሁላቸው። ማሽኑ ወዲያው ተነሣ። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ አደረ። ምንም ብልሽት የለበትም።

ለምን ደበቃችሁኝ እትዬ? እንዳትጨነቅ ብለን ነው እንደምትይ አውቃለሁ። ብትነግሪኝ ኖሮ ለብቻቸው አንድ ባትሪ ተሸክሜ እመጣ ነበር፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም ነበር። ደግሞ አንቺን ብቻ አልወቅስም። ድምሩን ለክቼ ደህና ነው ያልኩ እኔ ነኝ። የያዝኩት እጅ በረዶ ሆኖ ሳለ ዝናብ ነው ያልኩም እኔው ነኝ። አሁንም የዚያ ማሽን ጩኸት ጆሮዬ ላይ ነው፤ ወደ ጓዳው ብቻዬን መግባት ፈርቻለሁ።

ግቢው በጎረቤት ሞልቷል። ኔስቶር ከጠዋት ጀምሮ ለአባባ ሳንቃ ይልጋል። የቅዳሜው ጀልባ እንዳያመልጥሽ። ለሠርግሽ የለበሱት ነጭ ሸሚዝ ሻንጣሽ ውስጥ ነው፤ ተኩሰሽ አምጪው። ጫማቸውን ግን ተዪው።

የባሕር ላይ መንገደኞች እናት ማርያም ማዕበሉን ታብርድልሽ፤ በደህና ታድርስሽ።

የመቆንጠጫው ጥርስ ምልክት መዳፏ ላይ የቀረባት
ታናሽ እህትሽ