ከገና በኋላ ይረክሳል

ታኅሣሥ 26፣ ማታ

ምስሩ ተቀቅሏል። ሊጡ አርፏል። መብራት የለም፤ በስልክ ብርሃን ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ፣ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ። ነገ በጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ሳምቡሳዬን ይዤ መቀመጥ አለብኝ። የገና መንገደኛ ብዙ ነው። እርቦት ነው የሚወርደው።

ሊና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ወይ የተኛች መስላለች። ዛሬም ከት/ቤት እንደመጣች ቀጥታ አልጋ ላይ። ምን አሉሽ? ምንም። ማን ነው? ማንም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ «ዓረቧ» ነው የሚሏት። ቤሩት እያለን «ሐበሻዋ» ነበረች። አሥር ዓመት ሳይሞላት በሁለት አገር ባይተዋር ሆነች፣ ልጄ።

በመስከረም ስንመጣ ትለምደዋለች ብዬ ነበር። አልለመደችውም። እንጀራው ይጎመዝዛታል። ባጃጅ ያስፈራታል። ወልድያ ለሷ አቧራና ጩኸት ነው። አንዳንዴ ለኔም።

አደም ደወለ። አባቷ። ሱዳናዊው፤ ቤሩት ተገናኝተን ቤሩት የተለያየነው። አሁን ካናዳ ገብቷል። ልጄን ላኪልኝ ይላል፣ ወረቀቷ ሁሉ አልቋል፣ የቀረው ያንቺ እሺታ ብቻ ነው ይላል። እስከ ጥምቀት ጊዜ ስጠኝ አልኩት። አንድ ጥምቀት ትይ። ጥምቀትን አይቶ ይህን አገር የሚጠላ ልጅ የለም። ከዚያ ራሷን እጠይቃታለሁ፣ ያለችው ይሆናል። እሺ አለ። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ!

ታኅሣሥ 27

ስሚኝማ! ሊና ቆመች!

የወ/ሮ ለተብርሃን ልብስ ቤት ፊት ለፊት። ሁሌ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ልጅ መስታወቱ ላይ ተለጠፈች። የሐበሻ ቀሚስ ነው፤ ለልጅ የተሰፋ፣ ጥለቱ አረንጓዴ። «ሐልዋ» አለች። ቆንጆ ማለቷ ነው። እዚህ አገር ከገባን ቆንጆ ያለችው የመጀመሪያው ነገር።

ገባን። ለካችው። ልኳ! ዞር ዞር አለች፣ ጫፉ ክብ ሠራ። ለተብርሃን «እሰይ፣ የኔ እመቤት» አለቻት። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ግን ከአቅሜ በላይ አልነበረም። መግዛት እችል ነበር። ይህን ደግመሽ አንብቢው። እችል ነበር።

ግን ቤሩት አሥራ ሦስት ዓመት የሰው ቤት ስሠራ አሠሪዬ ማዳም አንድ ነገር አስተምራኛለች፤ በበዓል ዋዜማ የሚገዛ ሞኝ ነው። እዚያ ገና ሲያልፍ የሱቁ መስታወት ሁሉ ቀይ ወረቀት ይለጠፍበታል፣ ዋጋ በግማሽ ይወርዳል። በጠዋት ሄጄ የምሰለፍላት እኔ ነበርኩ። የሊና ልብስ በሙሉ ከዚያው ነው፤ ለከርሞ እንዲሆናት አንድ ቁጥር ከፍ አድርጌ። እጅጌ እየጠቀለለች ነው ያደገችው።

ከገና በኋላ ተመልሰን እንመጣለን አልኳት። «ተንዚላት?» አለች፣ ቅናሽ ሊኖር ነው? አዎ አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ለተብርሃን ዛሬ ውሰጂላት፣ ኋላ ታጪዋለሽ ብላኝ ነበር። የነጋዴ ወሬ! እኔን? የማዳም ተማሪዋን?

ታኅሣሥ 29፣ ገና

አባባ ከመርሳ መጡ። ዶሮና ፓፓያ ይዘው። ዶሮው ሲታረድ ሊና ጆሮዋን ይዛ ሸሸች፣ ወጡንም አልነካችውም። ግን ራት ላይ አባባ ጎን ተቀምጣ፣ እጇን እስከ ቁርጭምጭሚቷ እያወረደች፣ በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ «አያቴ፣ ቀሚስ» አለቻቸው። አባባ «እሰይ፣ ዕድሜ ይስጥሽ!» ብለው ግንባሯን ሳሙት። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ሲጠርጉ አየሁ።

ተስፋ ማድረግ እፈራለሁ። ዛሬ ግን አደረግሁ። ትንሽ።

ጥር 1

ሱቁ ዝግ ነው። መስታወቱ በሸራ ተሸፍኗል። ቀይ ወረቀት እየለጠፉ ይሆናል አለች ሊና። ይሆናል አልኳት።

ጥር 2

ተከፈተ። በሩ ላይ ሰው ይጋፋል። ሊና እጄን ጨመቀችው፤ ግፊያ ካለ ቅናሽ አለ ማለት ነው።

ቀሚሱ የለም። የሌሎቹም ዋጋ ወጥቷል። ለተብርሃን በሰው መሃል አየችኝ። «ምነው አንቺ፣ የት አገር ነው የኖርሽው? ከገና ቀጥሎ ጥምቀት አይደል እንዴ! ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ሲባል አልሰማሽም?» ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

አልሰማሽም ትለኛለች! እኔ የመርሳ ልጅ! በከተራ ዋዜማ አዲሱን ቀሚሴን ታቅፌ ያደርኩት እኔ! ጥምቀትን ረስቼ አይደለም፣ ለአደም ቀን የቆረጥኩለት እኔው ነኝ። ብቻ አላገናኘሁትም። ጥምቀቱን በመርሳ ቆጠርኩ፣ ገበያውን በቤሩት። ባይተዋሯ ሊና ብቻ ትመስለኝ ነበር። እኔም ነኝ ለካ። ባገሬ አፈር ላይ።

ተሸጧል አልኳት። «ማዓሌሽ» አለች። ግድ የለም። ከመጣን ወዲህ ለሁሉ ነገር የምትለው ይህንኑ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ አንድም መስታወት ቀና ብላ አላየችም።

ጥር 4

የወልድያ ልብስ ሰፊዎች አንድ አፍ ናቸው፤ ከጥምቀት በኋላ ነይ። ሌላ ሱቅ የተረፈው ወይ የትልቅ ሰው ነው ወይ የጨቅላ።

መርሳ ወረድኩ። አባባ ድሮ ወዳጃቸው ከነበሩ ሸማኔ ቤት ወሰዱኝ። አንቱ ካልደረሱልኝ ማን ይደርስልኛል አልኳቸው። ሽማግሌው ከተቀመጡበት ጉድጓድ ቀና ብለው፣ መወርወሪያቸውን እንደያዙ፣ ከኅዳር ጀምሮ የታዘዝኩት መች አልቆልኝ ነው ልጄ አሉኝ። አባባ ለመኗቸው። አባባ ሰው ሲለምኑ አይቼ አላውቅም ነበር። እስከ ውርጌሳም ዘለቅሁ። የለም።

ስመለስ አባባ ሳጥን ከፍተው ጠበቁኝ። የእማዬ የጥምቀት ቀሚስ። ከሞተች ወዲህ ማንም አልነካውም። ቁረጪና አሰፊላት፣ ለልጅ ልጇ ነው፣ አትቀየምም አሉኝ። አንስቼ ሳራግፈው ብል በልቶታል። እጄ ላይ ተተረተረ። አባባ መልሰው አጠፉት፣ እንደ ነበረው፣ ጥለቱን ወደ ውጭ አድርገው።

ጥር 7

ሳልቫጅ ተራ ክምር ስገለብጥ ዋልኩ። ሥራ ቀረ። አገኘሁ! ነጭ፣ ረጅም፣ አንገቱ ላይ ዳንቴል ያለው። አጠብኩ፣ ተኮስኩ፣ አረንጓዴ ጥለት ገዝቼ ጫፉ ላይ በእጄ ሰፋሁበት። ጣቴ ተበሳሳ፣ ደስ እያለኝ።

ሊና ዳሰሰችው። ማማ፣ ይሄ እኮ የመኝታ ነው አለች። ማዳም እንዲህ ያለ ነበራት።

እውነቷን ነው። ስንቴ ተኩሼዋለሁ የማዳምን! እንዴት አላየሁትም? ዓይን የሚያየው የፈለገውን ነው። ግን እለብሰዋለሁ አለችኝ፣ እንዳይከፋኝ። እሱ ነው የገደለኝ። ልጄን የመኝታ ልብስ አልብሼ ታቦት ፊት አላቆምም። ጥለቱን ፈታሁት።

ጥር 9፣ ከቀኑ 10 ሰ.

አደም ፎቶ ላከ። የሊናን ክፍል። አልጋ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ትንሽ ጠረጴዛ። በመስኮቱ በረዶ ይታያል። ሁሉንም ከገና በኋላ በቅናሽ ነው የገዛሁት ይላል፤ እዚህ አዲስ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ምክር ይህ ነው ይላል፣ እስከ ገና ማግሥት ታገሥ። ከኔ በኋላ ሄዶ ከኔ በፊት ለመደ። ቀናሁበት። ተናደድኩበት። እንዲህ ያለ ንጹሕ አልጋ ሰጥቻት አላውቅም።

ሊና ስልኩን ተቀብላኝ ፎቶውን በጣቷ እያሰፋች ቆየች። «ተንዚላት» አለች፣ ለራሷ።

ጥር 10፣ ከተራ

ታቦታቱ ወረዱ። መንገዱ ነጭ በነጭ። ከበራችን ሆነን አየን። ሊና መውጣት አልፈለገችም፣ እኔም አላስገደድኳት። አረንጓዴ ጥለት የለበሰች ልጅ ከእናቷ ጋር አለፈች። ያው ቀሚስ ይሁን ሌላ አላውቅም። ሊና ቀድማኝ አየቻት። እኔ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ፈሪ።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ሄድን። የኔን ነጠላ ደረብኩላት፣ ከሥሩ ሐምራዊ ጃኬቷ። የቤሩት የመጨረሻው ቅናሽ ነው ጃኬቱ። ሲገዛ ሰፊ ነበር፣ ዘንድሮ ልኳ ሆነ።

ማንም አልሰደባትም። ምነው በሰደቧት አልኩ፣ የምጣላው ባገኝ። ጸበሉ ሲረጭ ፊቷ ላይ አረፈና ሳቀች። ይኸው አልኩ። ይኸው መጣች! ከዚያ አንዲት ደግ ሴትዮ፣ ልጆቿን አስከትላ፣ ድፎ ዳቦ ቆርሳ እየሰጠቻት ጎንበስ አለች።

«የማን እንግዳ ነሽ፣ የኔ ቆንጆ?»

ሊና አማርኛውን ፈልጋ አገኘችው። «የእናቴ» አለች።

ሴትዮዋ ሳቀች፣ ብልህ ልጅ ብላ ጉንጯን ሳመቻት። እኔ መሄጃ አጣሁ። ዙሪያዬን ሰው ይዘላል፣ ያጨበጭባል። እኔ የማላቅሰው ልጄ እንዳታየኝ ብዬ ብቻ ነው።

ማታ ጠየቅኋት። ቃሌ ነው። አባትሽ ይፈልግሻል፣ እኔም እፈልግሻለሁ፣ አንቺስ? ስለ ጃኬቷ ጠየቀችኝ። እዚያ በረዶ ነው አይደል፣ ይሄ ይበቃኛል ወይ? አይበቃሽም፣ አባትሽ ወፍራም ይገዛልሻል አልኳት። እሺ አለች። እንግዲያው ቅናሹ ሳያልቅ ይግዛው በይው አለችኝ።

መልሷ ይኸው ነው።

ጥር 12

ዛሬ ሚካኤል ነው። ከተማው ይጨፍራል። ምስር አልቀቀልኩም። ቀሚሱን ያን ዕለት ብገዛው ትቀር ነበር? ቀሚስ ሰው ያስቀራል? አያስቀርም እላለሁ። ከዚያ ደግሞ መስታወቱ ላይ እንዴት እንደተለጠፈች ትዝ ይለኛል። አላውቅም። ሳላውቀው ልሞት ነው እንግዲህ።

ጥር 14

ለአደም እሺ አልኩት። አለቀሰ። አታልቅስብኝ አልኩት፣ ዘጋሁት። አባባ ጋ ደወልኩ። «እሷ ከደላት ምን ይደረግ» አሉ። ድምፃቸው የሽማግሌ ሆኗል። ወሰንኩ እንግዲህ። ጻፍኩልሽ፣ እንዳልክደው።

ከመናኸሪያ ስመለስ ለተብርሃን ከሱቋ በር ጠራችኝ። መስታወቱ ውስጥ ነጭ ቀሚስ፣ ጥለቱ አረንጓዴ። ሸማኔው ለበዓሉ ሳያደርስ ቀርቶ በየቁጥሩ ዘግይቶ ያመጣው ነው አለች። ማን ይገዛዋል አሁን? ዋጋው ወርዷል። «አሁን ነው ያንቺ ጊዜ» አለችኝ፣ ልታስደስተኝ ብላ። ቁጥሯ ስንት ነበር ስትለኝ አፌ ቀደመኝ፤ አንድ ከፍ ያለውን ስጪኝ፣ ለከርሞ ጥምቀት እንዲሆናት። ብልህ ነሽ አለች። በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ።

ከርሞ ማለቴን የሰማሁት መንገድ ላይ ነው። ባጃጅ ጥሩምባ ነፋብኝ፣ መሃል አስፋልት ቆሜ ኖሯል።

አሁን አልጋው ላይ ዘርግቼዋለሁ። ሊና ከት/ቤት አልተመለሰችም። ረጅም ነው፣ መሬት ይጠርጋል። አላሳጥረውም። ሻንጣዋ ውስጥ ከታች አደርገዋለሁ። ከርሞ ልኳ ይሆናል። ከዚያች ፎቶ አልጋ አጠገብ ቆማ፣ በመስኮቱ በረዶው እየወረደ፣ ትለብሰውና ዞር ዞር ትላለች።