ለሐዋ ያሸግከው ማንጎ

የሐዋ አባት፣ አላህ ቀብርህን ሰፊና ብርሃን ያድርግልህ። አንተ ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ዝናቡ ቆሟል፣ የቤታችን ቆርቆሮ ደርቆ በቀትር መንጣጣት ጀምሯል። ያን ድምፅ ስትሰማ የምታደርቅበትን ምንጣፍ ተሸክመህ መሰላል ላይ ትወጣ ነበር። ዛሬ የምጽፍልህ ደስ ብሎኝ ነው። ከሳቅክም ሳቅ። ለሰው ብነግር "ምስኪን፣ ለየላት" ነው የሚሉኝ፣ ነገሩ ከአንተና ከእኔ በቀር ለማንም ደስታ አይሆንም። ያ አልጋችን ሥር ያስቀመጥከው የሐዋ ማንጎ አልተበላሸም።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ወሬ ከመሀል እንደምጀምር ታውቃለህ፤ "አንተ ሁልጊዜ ከጭራ ነው የምትይዘው" ትለኝ ነበር። አማርኛ አፍ የፈታህበት አልነበረምና፣ ያን ሁሉ ዓመት አብረን ኖረን "አንቺ" ማለት አልሆንልህ አለ። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን "ልጄን እንደ ወንድ ነው እንዴ የሚጠራት፣ እኛ ከወሎ ድረስ የመጣነው ለዚህ ነው" ብላ አኩርፋ ነበር። በኋላ ለምዳው እሷም ስትቀልድ "አንተ" ትለኝ ጀመር። አሁን ሰው ሁሉ "አንቺ" ይለኛል፣ ትክክል ነው፣ ግን ጆሮዬ አልለመደውም። አንዳንዴ ሌላ ሴት የሚጠሩ ይመስለኛል።

የቤቱን ነገር ብትጠይቀኝ፣ ገበያ ያለችውን መደብህን ለቅቄአታለሁ። አንተ ደረቅ ባሚያና በርበሬ ዘርግተህ የምትቀመጥባት ቦታ ላይ አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጣል። የሚሸጠው ሰው ደግ ነው፣ ሳልፍ ሰላም ይለኛል፣ እኔ ግን በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ። የጓሮው ማንጎ ታሟል። ያ ቅጠሉን ነጭ በነጭ የሚያደርገው ተባይ እኛም ጋ ደረሰ። ዘንድሮ ያፈራው ጥቂት ነው፣ እሱም ሳይበስል ረገፈ። ለመድኃኒቱ ረጅም መርጫ ይፈልጋል አሉኝ፣ እኔ የት አገኛለሁ። ጥላው ግን አለ።

ጎረቤታችን አለምነሽ ደህና ናት። ከጎንደር በመምህርነት ተመድባ "ዓመት ሳይሞላኝ እቀየራለሁ" ብላ መጥታ ይኸው እዚሁ ናት። አንተ ጣራ ላይ ወጥተህ የማንጎ ቁራጭ ስትደረድር ስታይ "ባልሽ ለኖኅ መርከብ ስንቅ ያዘጋጃል እንዴ" ትለኝ አልነበር። አንተ ከላይ ሆነህ ሰምተሃት "አለምነሽ አትሳቅ፣ ዝናብ ሲመጣ አንተንም አስገባሃለሁ" ስትላት እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ።

በምን ብር ነበር ያን ሁሉ የምታስቀምጠው ብለው አሁንም ይጠይቁኛል። በምንም ብር አልነበረም። ዘይት ያለቀባቸውን ጀሪካኖች ከምግብ ቤቶች ትለምናለህ፣ በአመድና በፍል ውሃ አሽተህ ታጥባለህ፣ ደፍተህ ሽታው እስኪወጣ ፀሐይ ላይ ትተዋቸዋለህ። ለመሸፈኛ የተቀደደ አጎበር፣ ክዳኑን ለማሰር ጎሚስታው የጣለው ከመነዳሪ። ጎማውን እንደ ጠባብ መቀነት ቆርጠህ በክዳኑ ዙሪያ እየለጠጥክ ትጠመጥመዋለህ፣ ጣትህ እስኪቀላ። ማሽላ ከሆነ ከደረቅ ጨው ጋር ጠርሙስ ውስጥ ትነቀንቀዋለህ፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ ገና እርጥብ ነው፣ ወደ ጣራ ይመለሳል። ባሚያ ስትሰብረው ቀጭ ማለት አለበት። ማንጎ ግን መታጠፍ እንጂ መሰበር የለበትም። እሱን በንጹሕ ጠርሙስ ከድነህ ፀሐይ ላይ ታስቀምጣለህ፤ ጠርሙሱ ከውስጥ ካላበው አልደረቀም። ከጣራ እንደወረደም ትኩሱን አታሽገውም፣ "ትኩስ ያልባል፣ ከዚያ ይሸታል" ትላለህ። ሁለት ነገር ደግሞ እየመላለስክ ነገርከኝ፦ "ክረምት አትክፈት" እና "ጎዶሎ አትተው፣ አየር ካለ ነቀዝ ይተነፍሳል፣ እቃው ካልበቃህ በደረቅ ጨርቅ ሙላው።"

አንድ ነገር ግን አልነገርከኝም፤ የትኛው ጀሪካን ውስጥ ምን እንዳለ። ጽሕፈት አትወድም ነበርና አንዱም ላይ ምልክት አልነበረም። አንተ አንስተህ ጆሮህ አጠገብ ትነቀንቀውና "ይሄ ባሚያ፣ ይሄ ማሽላ፣ ይሄ ሰሊጥ" ትላለህ። ሐዋ ትንሽ ሳለች ዓይንህን በሻሿ ሸፍና ትፈትንህ ነበር። ስትሳሳትላት አላየሁም። አንድ ቀን ባዶ ጀሪካን ሰጥታህ ነቀነቅከው፣ ነቀነቅከውና "ይሄ የአንተ ጭንቅላት" አልካት። ምሳ ሳትበላ ስትስቅ ዋለች።

እንግዲህ ጥፋቱ ከዚያ ነው የመጣው፣ ጥፋት ከተባለ። አንተ ያረፍከው ነሐሴ መሀል ነው። ሰማዩ ተቀዶ ነበር። ከሆሞሻ ዘመዶችህ በጭቃ እየተጓዙ መጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ መጣ። እንደ ደንባችን ኀዘንተኛ ቤት እሳት አያነድም፣ ጎረቤት ያበስላል፤ ነገር ግን የመጣው ሰው ብዛት ጎረቤት ያመጣውን ጨረሰው። ሴቶቹ ጓዳ ገብተው ጀሪካኖቹን አገኟቸው። ማሽላ ፈልገው አንዱን ፈቱ፣ ባሚያ ሆነ፤ ሌላውን ፈቱ፣ ሰሊጥ። በድምፅ የሚያውቃቸው ሰው ተቀብሯል። ሁሉንም ከፈቷቸው፣ በዚያ ዝናብ፣ ጉም ቤት ውስጥ እየገባ። ከዚያም በፌስታል ሸፋፍነው መለሱልኝ። እኔ ነጠላ ተከናንቤ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጬ ጎማው ሲፈታ እሰማ ነበር። ምን ልበል። አንተን ብለው የመጡትን ለማብላት ነው። አንተም ብትኖር "ክፈት፣ እንግዳ ከነቀዝ ይበልጣል" ትል ነበር።

ዒዳዬን፣ የባል ኀዘን ወራቴን፣ ጨርሼ ከቤት መውጣት ስጀምር ጓዳውን አየሁት። ባሚያው ግራጫ ጸጉር አብቅሏል። ማሽላው በነቀዝ ተበልቶ ገለባው ብቻ ቀርቷል፣ እጄን ስከተው እንደ ዱቄት በነነ። ለብዙ ዓመት የደከምክበት ሁሉ በአንድ ሳምንት ቸርነት አለቀ። ለዶሮም አልሆነ፣ ቀበርኩት።

የተረፈው አልጋ ሥር ያለው ያ አፈ ሰፊ ባለ ክዳን ዕቃ ብቻ ነው። እሱን ማንም አላየውም። መቼ እንዳሸግከው እኔም አንተም እናውቃለን። ሐዋ ድንበር ተሻግራ ደማዚን አግብታ ከሄደች በኋላ፣ እዚያ ጦርነቱ ሲጀመር፣ መጨረሻ የደወለችልን ቀን። ሆዷ ገፍቶ ነበር። እኔ ስለ መንገድ፣ ስለ ሐኪም እጠይቃታለሁ፣ እሷ "አባዬን አቅርቢልኝ" አለችኝ። "አባዬ፣ እዚህም ማንጎ አለ፣ ግን ያንተ ዓይነት አይደለም" አለችህ። ስልኩ ተቋረጠ። አንተ ወጥተህ ማንጎ መቁረጥ ጀመርክ። "በድንበሩ፣ በኩርሙክ በኩል ይመጣሉ፣ ርቧቸው ነው የሚመጡት፣ ልጁም ጥርስ ካወጣ ይጠባዋል" አልክ። ያን ሰሞን ከጣራ አልወረድክም። የጓሮው ዛፍ ያኔ ጤነኛ ነበር፣ ፍሬ ተሸክሞ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኳ አንድም ጊዜ አልጠራም። አንተ እስክትሞት እንደዚያው ነበር፣ ዛሬም እንደዚያው ነው። ይህን ባትሰማ ይሻል ነበር፣ ግን ለአንተ ካልጻፍኩ ለማን እጽፋለሁ።

አሁን ወደ ደረሰው ነገር ልምጣ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ከእህትህ ከዘይነብ ጋር ገበያ ሄድን። ከድንበሩ ማዶ ከተሰደዱት አንዷ ኪስራ፣ ያን የነሱን ስስ እንጀራ፣ ጋግራ ትሸጣለች። ከደማዚን ነኝ አለች። ዘይነብ በዐረብኛ ስለ ሐዋ ሰፈር ጠየቀችልኝ፤ ከትንሹ መስጊድ ኋላ፣ ልብስ ሰፊዎች ያሉበት መንገድ። ሴትየዋ ሥራዋን ትታ ተናገረች። ብዙ ተናገረች፣ በእጇ ሁሉ እያሳየች። ዘይነብ ትንሽ ብቻ ተረጎመችልኝ። "ያ ሰፈር አሁን ሰው የለውም አለች" አለችኝ። ሌላስ ብላት "ሌላ አላለችም" አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ሽንኩርቱ አዙራ። ሴትየዋ አንድ ኪስራ ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ ልከፍላት ብል እምቢ አለች። ያኔ ነው የገባኝ። የማታውቀኝ ስደተኛ ያዘነችልኝ በከንቱ አይደለም።

ቤት ስንደርስ ዘይነብ ቁጭ አለችና "እህቴ፣ ወንድሜ ያሸገውን አውጪው፣ ለሐዋ ሰደቃ ይሁንላት" አለችኝ። "በሕይወት ላለች ነው ወይስ?" አልኳት። ኪስራውን ከእጄ ተቀብላ መሶብ ላይ አስቀመጠችው። ዘይነብ ክፉ አይደለችም፣ ሐዋን ያሳደገቻት ከእኔ እኩል ነው። እሷም ደክሟታል።

ያን ቀን ከራሴ ጋር ተዋዋልኩ። ዝናቡ ሲቆም እከፍተዋለሁ፣ ማንጎው ከተበላሸ ጥዬው ዘይነብ እንዳለችው ለሐዋ ሰደቃ አወጣለሁ፣ ካልተበላሸ እጠብቃታለሁ። ክረምቱን ሙሉ በላዩ ተኛሁ። አንድም ቀን አልነካሁትም፤ "ክረምት አትክፈት" ብለሃላ።

ዛሬ ቀኑ ጠራ። ቀትር ላይ አወጣሁትና መጀመሪያ ነቀነቅኩት። እንደ ጫማ ሶል ድብ ድብ አለ። ከመነዳሪው ተሰነጣጥቆ ከክዳኑ ጋር ተጣብቋል፣ በቢላ ነው የቆረጥኩት፤ ያንተን እጥፋት መቁረጥ ከበደኝ። ስከፍተው ሽታው ወጣ። የዚያ ሰሞን ጓሮአችን ራሱ። ቀለሙ እንደ ወፍራም ሻይ ጠቁሯል፣ ግን ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ጠርሙስ ውስጥ ጨምሬ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩ፣ ፊቱ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ጠርሙሱ አላላበውም። በዚህ ዕድሜዬ ጓሮ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። አለምነሽ አጥር ላይ ብቅ አለች። አንድ ቁራጭ ሰጠኋት፣ አላምጣ አላምጣ "የዘንድሮ ነው?" አለችኝ። አንተ ከመሞትህ በፊት የታሸገ መሆኑን ስነግራት ማላመጧን አቆመች። "በእውነት መርከቡን ሠርቶት ነበር እኮ" አለችና ዓይኗን ጠራረገች። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ እንደ ሠርገኛ።

እሷ ከገባች በኋላ ቁጭ አልኩ። ደስታው ቀስ እያለ ለቀቀኝ። ማንጎው ያልተበላሸው አንተ በደንብ ስላደረቅከው ነው። የነገረኝ ስለ አንተ እጅ ነው እንጂ ስለ ሐዋ ምንም አልነገረኝም። የማይናገር ነገር ይዤ ነው ክረምቱን የከረምኩት። ቢበላሽልኝ ይሻለኝ ነበር፣ አውጥቼ እጥለውና አልቅሼ እጨርስ ነበር። አንተ ማንጎ ለዓመታት እንዴት እንደሚቀመጥ አስተማርከኝ፣ የሚበላው ሰው ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ግን አላስተማርከኝም።

ሐዋ አትመጣም፣ የሐዋ አባት። የሴትየዋን እጆች አይቻለሁ። ልጁም ጥርስ አላወጣም። ለሌላ ሰው አልተናገርኩም፣ ለዘይነብም ገና ነው። ለሰደቃው ሌላ ነገር እፈልጋለሁ፣ ማሽላ እገዛለሁ፣ ለሱ ይበቃኛል። ይህን ግን አውጥቼ ለመስጠት እጄ እምቢ አለኝ። ራሴም አልበላውም። አንድ ቁራጭ ቀመስኩ፣ ጣፈጠኝ፣ አፈርኩ።

ስለዚህ መልሼ አሸግኩት። ከጎሚስታው አዲስ ከመነዳሪ ለምኜ አመጣሁ፣ አንተ እንደምትቆርጠው ቆረጥኩት። ከላይ ግን ጎድሎ ነበር፣ አለምነሽና እኔ የቀመስነው፣ ጠርሙስ ውስጥ ያስቀመጥኩት። የምሞላበት ማንጎ የለኝም፣ ዛፉ ታሟል። ጎዶሎ አትተው ብለሃል። ሣጥኑን ከፈትኩና የሐዋን ሻሽ አወጣሁ፣ ያን ዓይንህን ትሸፍንበት የነበረውን። አጥቤ ጣራ ላይ አሰጣሁት፣ አጥንት እስኪመስል ደረቀ። አጥፌ በማንጎው ላይ ጫንኩት፣ ልክ እስከ አፉ ሞላው። ከዚያ ክዳኑን ገጥሜ ጎማውን ጠመጠምኩ፣ ጣቴ ቀላ።

በየዓመቱ ዝናቡ ሲቆም እከፍተዋለሁ፣ ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አስቀምጬ አየዋለሁ፣ የሁለታችሁን ስም እጠራለሁ፣ መልሼ አሽገዋለሁ። ተስፋ አድርጌ አይደለም፣ እንዳይመስልህ። አሁን ብነቀንቀው ድብ ድብ አይልም፣ ሻሹ ድምፁን ውጦታል። አንተ ራስህ መጥተህ ጆሮህ አጠገብ ብታደርገው ምን እንዳለበት ማወቅ አትችልም። እኔ ግን አውቃለሁ። እስካለሁ ድረስ አልረሳውም።