የዘንድሮ ነጥብ

ለታናሽ ወንድሜ ለቨርሊን፣

የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልሆንኩም።

“ተሞኘሽ!” እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ግን ፍሎሪዳ ባለው የባሕር ዳር ማረፊያ በየዓመቱ እየታደሰ ክፍል የሚያስይዝ ነጥብ ገዛሁ። ከማረፊያው ኩባንያ እንዳይመስልህ! እነሱማ ለአንዱ ነጥብ ሁለት መቶ ዶላር ሲሉኝ ስቄባቸው ወጣሁ። መሸጥ ከፈለጉ ባልና ሚስት ላይ በዘጠና ወሰድኩት፤ የሁለተኛ እጅ ገበያው ዋጋ ይኸው ነው።

ያገናኘችን ደላላ ታዲያ፣ “ባለቤቱ የዘንድሮ ነጥቡን የጨረሰው ሌላ ውል በሰባ አለልዎት፤ እስከ ከርሞ ቢታገሡ ያተርፋሉ” አለችኝ።

“የኔ ልጅ፣ እሱን ለሚታገሥ ሽጪው! እኔ የምፈልገው የዘንድሮውን ነው፤ አንድም ሳይጎድል!” አልኳት።

ውሉ ላይ ስምህን ከስሜ አጠገብ አስገብቻለሁ፤ ሳትጨቃጨቅ ፈርም። ጥቅምት ላይ አብረን እንሄዳለን። ሐኪሙ፣ “በጥቅምት እኮ እዚህ ሆስፒታል አልጋ ይዘንልሻል” ቢለኝ፣ “እኔም እዚያ ይዣለሁ፤ የኔው አልጋ ግን ባሕር ያሳያል” አልኩት።

የከርሞውን ነጥብ አንተ ልጆችህን ይዘህ ሂድበት። በረንዳው ላይ ባሕሩን የምታየዋን ወንበር ግን ለማንም እንዳትለቅብኝ።

ሰላምታዬ በረዶውን ጥሶ ይድረስህ።

እህትህ ናዲን፣ ከኦሃዮ