የግራ እጁ እሳት

አዲሰን፣ ቴክሳስ
ኅዳር 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አማቴ፣

እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ብርዱን ቻለው? እኛ ተመስገን ደህና ነን። የዛሬው «ደህና ነን» እውነት ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ዋሽቼዎታለሁ።

«ልጄ ሞቶ መርዶውን ደብቃችሁኝ ነው እንጂ፣ ስምንት ወር ሙሉ በእጁ አንድ መስመር ይጠፋል?» ብለው የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። በስልክ ድምፁን ቢያሰማዎትም «ይሄ ሌላ ሰው ነው» አሉ።

«ሥራ በዝቶበት ነው» ያልኩዎት ውሸት ነበር። መጋቢት ላይ ጎማ ሲቀይር ክሪኩ ተንሸራቶ ግራ እጁን ጨፈለቀው። ያንን በልጅነቱ «በግራ አትብላ» ብለው በመቀነት ያሰሩትን እጅ። አጥንቱ ገጠመ፤ አውራ ጣቱ ግን አልታዘዝ አለ። ሐኪሞቹ እንዲጨምቀው የላስቲክ ኳስ ሰጡት፤ «ሕፃን ነኝ እንዴ!» ብሎ ወረወረው። በቀኝህ ጻፍላት ስለው፣ «ፊደሉ ወደ ኋላ ዘመም ካላለ እማዬ አታምንም» አለኝ።

ምን እንዳዳነው ያውቃሉ? የልጅ ጨዋታ! ልጃችን ፅዮን ቴሌቪዥኑ ላይ የምትሰካው ነገር አላት፤ ሁለት ሰዎች ይደባደቡበታል። የሷ ሰውዬ ከሩቅ ቆሞ ከመዳፉ ሰማያዊ እሳት ይወረውራል፤ የአባቷ አጠገቡ ሳይደርስ ይወድቃል። «ኦኬ ዳዲ፣ ታች፣ ከዚያ ወደ ፊት አዙር፣ ከዚያ ምታ» ትለዋለች። በእጅ በሚያዘው መጫወቻ ላይ ቁልፉ የሚዞረው ደግሞ በግራ አውራ ጣት ነው፣ እማማ! በዘጠኝ ዓመት ልጅ መሸነፉ አንገበገበው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ነጠላዬን ሳላጣጥፍ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ስንት እሑድ ጣቱ ቁልፉን እየሳተ፣ የሱ ሰውዬ እሳት የሌለው ባዶ እጁን ዘረጋ!

ባለፈው እሑድ ሶፋው ላይ አሸለበኝ። አውሮፕላኖች በመስኮቱ ቀስ እያሉ ወደ ማረፊያው ይወርዳሉ፤ ክፍሉ ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል። አንዱ እሳት ከቴሌቪዥኑ ወጣ፣ አውሮፕላኖቹን አለፈ፣ ባሕሩን ተሻገረ፣ ምንም ሳያቃጥል እርስዎ ደጃፍ ደረሰ። በሁለት እጅዎ ተቀበሉት።

«ማሚ! ዳዲ ፋየር አደረገ!» የሚል ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት እሳቶች መሀል ላይ ተገናኝተው ሲጠፉ አየሁ፤ አንዱ የሱ ነበር። ያንን አውራ ጣቱን እየሳመ ያለቅሳል። እኔም አላስቻለኝም።

እንዳይደነግጡ ብዬ ነው የደበቅኩት፤ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ልጅዎ «እስክሪብቶውን ካልሰጠሽኝ» እያለኝ ነው፤ በግራው ለመጻፍ ሲሞክር ሦስት ወረቀት ቀድዶ ጥሏል። መስመሩ ቢጣመም አይዘኑ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

ምራትዎ

እማዬ፣ አለሁ።
ግራኙ ልጅሽ