ጅግራዎቻችንን ስለጠበቁልን

ለተከበሩ የዱር እንስሳት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

እርስዎ፣ ባልደረቦችዎና ጭቃ ነክቶት የማያውቀው መኪናዎ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ ገበሬዎቹ እንደ ነገሩ አለን፤ አባጨጓሬው ግን እጅግ ደህና ነው፣ የከበረ ሰላምታውንም ያቀርብልዎታል።

መቼም ሥራ ሲበዛ ሰው ይረሳልና፣ የቀድሞ ኑሯችንን ላስታውስዎ። ማሳ ስናርስ ዳር ዳሩን ቁጥቋጦ እንተዋለን። ጅግራዎች እዚያ ይፈለፍላሉ፣ ጠዋት ወጥተው ከሰብላችን ላይ ተባይ ይለቅማሉ፤ እኛም ከየጎጆው ግማሹን እንቁላል ወስደን ግማሹን ለእናቲቱ እንተውላታለን። የሰው እጅ የነካውን ጎጆ ጅግራ ጥላው ስለምትሄድ፣ እናቴ እንቁላሉን የምታወጣው በረጅም የእንጨት ማንኪያ ነበር።

1ኛ፦ እንቁላል መውሰድን ስለከለከሉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። በተለይም ጠባቂዎ የእናቴን ማንኪያ «የአደን መሣሪያ» ብሎ በመውረሱ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ አካባቢው በሙሉ እፎይ ብሎ ተኝቷል።

2ኛ፦ ክልከላው እንደወጣ ጎረቤቶቻችን ከእንግዲህ እንቁላል የማያገኙበትን ቁጥቋጦ መንጥረው አረሱት፤ ጅግራዎቹም ጥለው ሄዱ። ስለዚህ ዛሬ ከእነዚያ ማሳዎች አንድም እንቁላል የሚወስድ የለም። እቅድዎ መቶ በመቶ ተሳክቷልና እንኳን ደስ ያለዎት።

3ኛ፦ የቀረው የእኔና የታላቅ ወንድሜ ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ወንድሜም «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ መጥረቢያውን መሳል ጀምሯል። እኔ ግን የጅግራዎቹን ጫጫታ ሳልሰማ በሬ ጠምጄ ስለማላውቅ፣ ያ ቁጥቋጦ ከሄደ አንጀቴ ይቆረጣል። እንደ ቀድሞው ግማሹን እንቁላል እንድንወስድ ቢፈቅዱልን ወንድሜን እመልሰዋለሁ፤ ሌላ የማሳምንበት ነገር የለኝም።

ውሳኔዎ እንደ ልማዱ ሰብሉ ካለቀ በኋላ እንደሚደርሰን በመተማመን፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ የጎነበስኩት አባጨጓሬ እየለቀምኩ በመሆኑ ግን እንዳይቀየሙኝ።

የመጨረሻው ቁጥቋጦ ጠበቃ፣ ትሑት ገበሬዎ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ሠራተኞችዎ መጥተው በማሳችን ዳር «የዱር አእዋፍ መጠለያ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተከሉልን። ሰሌዳው ከመንገድ እንዲታይም ቁጥቋጦውን ከሥሩ መንጥረውታል። በእርግጥም አሁን ከሩቅ ይታያል። ወንድሜ መጥረቢያውን ይዞ ቢመጣ የሚቆርጠው አጥቶ ተመለሰ።