የግራው ጥግ

ጥቅምት 4

ዛሬም ጉልበቴ። ደረጃ ስወርድ ቋ ቋ ይላል። ቀኑን ሙሉ ጫማ ሱቁ ውስጥ ተንበርክኬ የሰው እግር ስለካ ውዬ፣ ማታ ደግሞ ቅርጫት ኳስ። በሠላሳ ሁለት ዓመቴ! ማን አስገደደኝ? ማንም።

ጨዋታው ግን ጥሩ ነበር። ከሌላ ሰፈር ለወዳጅነት የመጡ ልጆች ነበሩ። አንዷ እሳት ናት፣ አትያዝም። ጓደኛዬ ቀውላላዋ ከመሃል "ሸኚያት!" ብላ ጮኸችልኝ። ሸኘኋታ! ወደ ግራው ጥግ፣ መስኮቱ ስር። ኳሷን አነጠረች፣ ኳሷ እዚያው ቀረች። ልጅቷ አየር ስትመታ እኔ ይዤ ሄጃለሁ።

ያቺ ጥግ! ድሮ ጣራው አፍስሶባት ጣውላው ከስር በስብሷል። ከላይ ስትታይ እንደ ሌላው ታብለጨልጫለች፣ ኳስ ግን አትነጥርባትም። የምናውቀው እኛና ደጋፊዎቻችን ብቻ ነን። እንግዳ ሲመጣ ወደዚያ እንገፋዋለን። እንግዳ መሸኘት ነው የምንለው። አሰልጣኛችን ጋሼ ሁሌም "ይህቺ ጥግ ስድስተኛ ተጫዋቻችን ናት፣ ወሬዋ ከዚህ አዳራሽ እንዳይወጣ" ይላል። ወጥቶም አያውቅም።

ጥቅምት 19

ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ቁልፉን በእጁ ይዟል፣ በሩን ግን አይከፍትም። "የሚደጉመን ድርጅት እጁን አነሳ" አለ። "ክለብ የለም። በቃ።" ቀውላላዋ ሳቀች። ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋ ተዋጠ። ጋሼ መቼ ቀልድ ያውቃል?

ኳሶቹን እንደ ውርስ አከፋፈለን። ለእኔ የደረሰችኝ አየር የምታስወጣው ናት። እድሌ!

ቤት ስገባ እማዬ "እሰይ!" አለች። "እንግዲህ ወይ አግቢ፣ ወይ በጊዜ ተኚ።"

ኅዳር 11

ፕሮፌሽናል ቡድን መጣ አሉ። ተጫዋቾቹን፣ አሰልጣኟን፣ ሁሉን ነገር ከሌላ ከተማ ገዝተው አምጥተው ስሙን ብቻ ቀየሩት። አዳራሹንም ወሰዱት።

ዛሬ አንድ ደንበኛ እግሩ ሥር ተንበርክኬ ክር ሳስርለት "በመጨረሻ እውነተኛ ቡድን መጣልን!" አለኝ። እውነተኛ! እኛ ምን ነበርን፣ ጥላ? አጥብቄ አሰርኩለት። "ኧረ ቀስ!" አለ።

ኅዳር 20

አንዲት ልጅ ከዚሁ ሰፈር ሊወስዱ ነው። አንድ ብቻ። ሕዝቡ እንዳይቀየም። ደመወዝ አለው፣ ቋሚ ነው። ከገባሁ የሰው እግር ሥር መንበርከክ ቀረ። መጫወትም አልተውም። ካልገባሁ ግን... በዚህ ጉልበት ሌላ ማን ይወስደኛል?

ቀውላላዋም ልትሞክር ነው። "ከሁለታችን አንዳችን ከገባን ሁለታችንም ገባን ማለት ነው" አለችኝ። እሺ አልኳት። እሷ የምትናገረውን ታምናለች። እኔስ?

ጋሼ "ሂዱ፣ እኔ ግን እግሬ አይረግጠውም" አለ።

ታኅሣሥ 2

ሙከራው ዛሬ ነበር። በኛው አዳራሽ። በሩ ላይ የማላውቀው ዘበኛ "ማንን ፈልገሽ ነው?" አለኝ። ምን ልበለው? በልጅነቴ የገባሁበት በር ነው።

አዲሷ አሰልጣኝ ክፉ ሴት ብትሆን ደስ ባለኝ። አይደለችም። ሁሉንም "እህቴ" ትላለች፣ ፈገግታዋ አያልቅም። ልጠላት ሞከርኩ፣ አቃተኝ።

ተጫዋቾቿ ገና ሃያ፣ ሃያ አንድ። አንደኛዋ፣ የቡድኑ ኮከብ፣ እንደሌለሁ ቆጥራ ደጋግማ አለፈችኝ። ከላይ የተቀመጡት የድሮ ደጋፊዎቻችን ጸጥ አሉ። ምነው በሰደቡኝ!

ከዚያ ከኋላዬ የቀውላላዋ ድምፅ። "ሸኚያት!"

እግሬ ራሱ ያውቀዋል። ወደ ግራ፣ ወደ መስኮቱ። ኳሷ ሞተች። ቀማኋት። ደግማ መጣች፣ ደግሜ ሸኘኋት። ደጋፊዎቻችን ገባቸውና አዳራሹን አናጉት። አንዱ ሽማግሌ "እንግዳ በሰላም ይግባ!" ብሎ ጮኸ። ሳቅ በሳቅ ሆንን። ቀውላላዋ አቅፋ አነሳችኝ። ክለባችን ያልፈረሰ መሰለኝ።

ታኅሣሥ 3

ምን ነካኝ? ምን ነካኝ?

አሰልጣኟ ለብቻዬ ጠራችኝ። "እህቴ፣ ግልጽ ልሁንልሽ። ጓደኛሽ ቁመት አላት። ያንቺ ጉልበት ያሳስበኛል። ግን ያቺን ልጅ እንደ ትላንቱ ያስቆማት የለም። ምን አይተሽ ነው?"

"ልምድ ነው" ብል ምን ነበረበት? ግን "ጓደኛሽ ቁመት አላት" ስትል ልቤ ስንጥቅ አለ። ቀውላላዋ ልትገባ ነው፣ እኔ ልቀር ነው... ነገርኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እጇን ይዤ ወስጄ አሳየኋት። "እኔን ከወሰዱኝ እዚህ ማንም እንግዳ አያሸንፍዎትም" አልኳት። እንደ ደላላ!

ኳሷን ጣል አደረገቻት። አልተነሳችም። ደገመቻት። ከዚያ አቅፋ ሳመችኝ። ገባሁ ማለት ነው? ሌላ ለምን ትስመኛለች? የሱቁን ባለቤት እንዴት ብዬ እንደምሰናበተው እያሰብኩ ነው ቤቴ የደረስኩት።

ለቀውላላዋ ምን እላታለሁ? ነገ አስብበታለሁ።

ታኅሣሥ 7

አሰልጣኟ ሁላችንንም ሰበሰበችን። ደጋፊዎቻችንም ነበሩ። "ለዚች እህታችን ጭብጨባ!" አለች። "ይህን የበሰበሰ ጥግ ያሳየችኝ እሷ ናት። ተጫዋቾቼን ከስብራት አዳነቻቸው። ነገ ወለሉ ይነሳል። ምርጫውን በአዲሱ ወለል ላይ እንጨርሳለን።"

ይነሳል?! እንድትጠቀምበት እኮ ነው የነገርኳት! እንድታነሳው ማን አላት?

የሷ ልጆች አጨበጨቡ። የኛ ሰዎች አላጨበጨቡም። ያ ሽማግሌ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ቀውላላዋ ውጪ ጠበቀችኝ።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ እኮ..."

"እሺ" አለች። እሺ፣ ሌላ ምንም። ብታንቋሽሸኝ ይሻለኝ ነበር። አፈር በበላሁ።

ታኅሣሥ 16

ሳላስበው በዚያ በኩል አለፍኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ አናጢዎቹ ጣውላውን እየነቀሉ ይከምራሉ። ከግራው ጥግ የወጣውን አንዱ በእጁ ፍርክስክስ አደረገልኝ። "በዚህ ላይ ነበር የምትዘሉት? እንዴት እግራችሁ ተረፈ?"

እውነቱን ነው። አሰልጣኟም እውነቷን ነው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፣ የምወቅሰው ሰው እንኳ አጣሁ።

ጥር 6

አዲሱ ወለል ላይ ኳስ የትም ብትጥላት ትነሳለች። ጥግ የለ፣ መሃል የለ፣ ሁሉም አንድ ነው። ያቺ ኮከብ እየሳቀች አለፈችኝ። ቀውላላዋ "ሸኚያት" አላለችም። ወዴት ልሸኛት?

ቀውላላዋ ገባች። ቁመት አላት፣ ትችላለች፣ አይፈረድም። ግን አልሳቀችም።

አሰልጣኟ በትህትና "እህቴ፣ ጨዋታ ሲኖር ሰው ወደ መቀመጫው የሚመራ እንፈልጋለን" አለችኝ። እንግዳ ተቀባይ ልሆን! አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ቤት ደርሼ አለቀስኩ፣ ቁጣም ነው፣ ኃፍረትም ነው።

እማዬ ሁሉንም ሰማች። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለች። ከዚያ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ጉልበቴን በሞቀ ውሃ ታጥብልኝ ጀመር።

ጥር 14

ጋሼ ሱቅ መጣ። ጫማ ሊገዛ አልነበረም። ወንበር ሰጠሁት፣ አልተቀመጠም።

"ወለሉን አየሁት" አለ።

እግሬ አይረግጠውም ያለው ሰውዬ!

"ያምራል" አለ። ጉልበቴን አይቶ "ጉልበትሽስ?" አለኝ።

"ደህና ነው ጋሼ።"

"እሺ፣ በርቺ።" ወጣ። በመስታወቱ እስኪሰወር አየሁት። ቢቆጣኝ ኖሮ ይቅርታ እለው ነበር። ምን ብዬ ልጀምረው?

የካቲት 20

የመጀመሪያው ጨዋታ ዛሬ ነበር። ቀውላላዋ ትኬት በወንድሟ ላከችልኝ። ከዚያች "እሺ" ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም፣ ትኬት ላከችልኝ! አልሄድም አልኩ። ሄድኩ።

ሙዚቃ፣ መብራት፣ የሰው ብዛት። ከድሮ ደጋፊዎቻችን ያየሁት ሁለት ሦስት ቢሆን ነው። ቀውላላዋን በአዲሱ ማሊያ ሳያት... ቀናሁ። ምን እዋሻለሁ፣ ለማን ብዬ? ቀናሁ፣ ደስም አለኝ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እኩል ለእኩል ናቸው። የእንግዶቹ ቡድን ፈጣኗ ልጅ ኳሷን እያነጠረች መጣች። ፊት ለፊቷ ቀውላላዋ ብቻ። መሃሉን ዘግታ ብትቆም በቂ ነበር፣ ከኋላዋ ጓደኞቿ አሉ። ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዘንበል አለች። እኔ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። ቆሜያለሁ። አፌ ተከፍቷል።

"ሸኚያት!"

ያን ሁሉ ጩኸት አልፎ ሰማችኝ። መሃሉን ለቃ ልጅቷን ወደ ግራው ጥግ ገፋቻት፣ ከዚያ ኳሷን ልታነሳ እጇን ዝቅ አደረገች። እንደ ድሮው። ኳሷ ቀጥ ብላ ተነሳች። ልጅቷ በባዶው አልፋ አገባችው። አለቀ።

አሰልጣኟ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት፣ በምልክት። ቀውላላዋ ፎጣዋን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። ከጎኔ ያለው ጎረምሳ "ማንን ነው የምትሸኙት እናንተ?" ብሎ ሳቀብኝ።

በጓሮው በር ጠበቅኳት። ከሁሉም በኋላ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ይቅርታ" አልኳት። "ለዛሬውም፣ ለዚያኛውም።"

አልተቆጣችም።

"አንቺ ስትጮሂ" አለች፣ "የድሮው ወለል ያለ መሰለኝ።"

ቦርሳዋን አንግታ ሄደች። ሁለተኛ ትኬት እንደማትልክልኝ አውቄዋለሁ።

እማዬ አልተኛችም ነበር። "ማን አሸነፈ?" አለችኝ።

"እንግዶቹ።"

"የትኞቹ እንግዶች?"

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።