ሰይድ ሎከሩን ለምን ቆለፈ?

ረቡዕ

በታላቅ ኀዘን ይገለጻል፦ በእኔና በዶርም ጓደኛዬ በሰይድ መካከል የነበረው መተማመን ዛሬ ከምሳ በኋላ በድንገት አርፏል። ቀብሩ እዚሁ መካነ ሰላም፣ ዶርማችን ውስጥ፣ ከሰይድ ሎከር ሥር ይፈጸማል። ለቅሶ ደራሽ ካልሲው የማይሸት ብቻ ይግባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ከደጎሎ በሚኒባስ የላከችልኝን ዕቃ ትናንት መናኸሪያ ሄዶ የተቀበለልኝ ሰይድ ነው፤ እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ። አንድ ፌስታል የጾም በሶ አመጣልኝ። አመስግኜ በጠበጥኩ። ዛሬ ታናሽ እህቴ ትርንጎ ደወለች። «ማስረሻ፣ ባልዲዋን አገኘሃት? እማዬ እኮ በሶውን በቅቤ አሽታ...» ከኋላዋ እማዬ «አንቺ ወሬኛ!» ስትል ሰማሁ። ስልኩ ተዘጋ።

የምን ባልዲ? ሰይድን ጠየቅሁት። «ላንተ ስጠው የተባልኩት ፌስታሉን ነው» አለኝ፣ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ። ንጹሕ ሰው እንዲህ ቃሉን መዝኖ አይናገርም። ሎከሩ ላይ ደግሞ ትናንት ያልነበረ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

ሐሙስ

እስካሁን የተገኘ ማስረጃ፦
ወደ ሎከሩ ስጠጋ ሰይድ ያስላል።
ሎከሩ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። የሰይድ ካልሲ ኮረሪማ ሸቶ አያውቅም።
ከንፈሩ ያብለጨልጫል። «ቫዝሊን ነው» አለ። በዚህ ውርጭ ልክ ሊሆን ይችላል። የእማዬ ቅቤም ሊሆን ይችላል።

ጾም ነው፤ ባልዲዋ ብትገኝም አልነካትም። (ጠርዟን ካልሆነ።) ያናደደኝ ሌላ ነው። ሴሚስተሩ ሲጀመር፣ እኔ ጀግናው፣ ብርድ ልብስ እንኳ ሳልይዝ መጣሁ። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ሰምቶ «አብሽር፣ የአጅባርን ብርድ ብታይ ይሄን ሙቀት ትለው ነበር» ብሎ ጋቢውን የጣለብኝ ሰይድ ነው። የጥርስ ሳሙናውን በሻምፖ ስቀይርበት እንኳ ስቆ ነው ያለፈኝ። እሱ ሌባ ከሆነ እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ ከማን ጋር ነው የኖርኩት?

ዓርብ

ገበያ ወርጄ የራሴን ጓጉንቸር ገዛሁ። ከእሱ ጎን ቆለፍኩት። አሁን ሎከሩ እንደ ባንክ ሁለት ቁልፍ አለው። ይለምነኝና ይናዘዛል ብዬ ጠበቅሁ።

አየው። «አንተ ነህ?»
«ጂኒ ይሆናል» አልኩት።
«ጂኒው ሲበቃው ይከፍተዋል» ብሎ መጽሐፉን ገለጠ። ሌባ እንዲህ ይረጋጋል? የለመደ ሌባ ይረጋጋል።

ቅዳሜ

ዛሬ ቀልድ አልጽፍም።

ጠዋት ሰይድ ፈተና ነበረው። ልብሱን ለባብሶ አጠገቤ ቆመ። «ማስረሻ፣ መታወቂያዬ ሎከሩ ውስጥ ነው። ያለሱ አያስገቡኝም።» አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ቁልፌን ከኪሴ አወጣሁ። የእኔን ጓጉንቸር ከፈትኩ፤ እሱም የራሱን ከፈተ። ባልዲዋ አለች። በእማዬ አሮጌ ሻሽ ታስራ፣ ቋጠሮዋ እንዳለ። ያን ቋጠሮ ከእማዬ በቀር የሚቋጥረው የለም።

«ወላሂ አልነካኋትም። ከፈተና ስመለስ ዶርም ልቀይር ነው» ብሎኝ ሮጠ።

እማዬ ጋ ደወልኩ። «ለሰይድ ደውዬ እስከ ገና ያቆይልህ ብዬ አማና የሰጠሁት እኔ ነኝ!» አለች። «አንተን ከቅቤ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ትቶ ማን ይተኛል? እንዳትነግረው ያልኩትም እኔ ነኝ። ምነው፣ ምን አደረግኸው?»
«ምንም» አልኩ።

ደርሶ ተፈትኗል። ሲመለስ ባልዲዋን መልሶ ቆለፈባት። ስጠኝ የምል አፍ የለኝም።

የገና ዕለት

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አልጋው ባዶ ይሆናል ብዬ በሩን ቀስ ብዬ ገፋሁት። ሰይድ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ባልዲዋ እኔ አልጋ ላይ ናት፤ ክዳኗ ላይ ሁለት ማንኪያ።

«እንኳን አደረሰህ። አማናህን ተረከበኝ። ተገላገልኩ።»
ቋጠሮው አልፈታ አለኝ። «አንተ ቀልማዳ፣ የሰው ሎከር ላይ ቁልፍ መጨመር ብቻ ነው የምታውቀው?» ብሎ ሳቀ። ስንት ቀን የናፈቀኝ ሳቅ ነው።
«ይቅር በለኝ» አልኩ። ይሄንን ስል ቀልድ አልጨመርኩበትም።
«ብላ።»
«ዶርም መቀየሩስ?»
«ዶርም የሚመድበው ፕሮክተር ለበዓል አገሩ ሄዷል። ሲመጣ አስብበታለሁ፤ እንደ አመልህ ነው።»

ክዳኑ ሲነሳ በሶው ዳር ላይ በጣት የተዛቀ ቦታ አየሁ። ሰይድን አየሁት። ከንፈሩ ያብለጨልጫል። የጣቱ ምልክት ግን ትንሽ ነው፤ የእህቴን የትርንጎን ጣት ያክላል። ምርመራ ሳልከፍት ማንኪያዬን አነሳሁ።

ለቅሶው ተነስቷል፤ ሟች ራሱ ቀና ብሎ በሶ እየበላ ነው። አገር ይያዝልኝ ያልኩበት ነገር ለካ ይችው አንዲት ባልዲ ናት። እሷም ግማሿ ሄዳለች።